«የሙያ ቸልተኝነት» ወይስ «የሙያ ጥንቃቄ ጉድለት»?

ጥያቄ፦ አንድ ሐኪም ሌሊቱን ሙሉ ከሕመምተኛው አልጋ ሳይለይ አደረ። ሆኖም የሙያ ባልደረቦቹ ሁሉ የሚያውቁትን የመድኃኒት መጠን ባለማወቁ ጉዳት አደረሰ። ይህን ሰው «ቸልተኛ» ማለት በአማርኛ ያስኬዳል?

መልስ፦ ለእኔ አያስኬድም። «ቸልተኝነት» የወጣው «ቸል አለ» ከሚለው ግስ ነው። አረባቡም እንደ «ዝም አለ» ነው፦ ዝም፣ ዝምታ፣ ዝምተኛ፣ ዝምተኝነት፤ ቸል፣ ቸልታ፣ ቸልተኛ፣ ቸልተኝነት። ቸል ያለ ሰው አይቶ እንዳላየ ያለፈ፣ ጉዳዬ ያላለ ነው። ቃሉ የሚከስሰው ልብን ነው። የእርስዎ ሐኪም ደግሞ ልቡ እዚያው አልጋ አጠገብ ነበር።

ሕግ በባለሙያ ላይ የሚፈርደው ግን ልቡን መርምሮ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ባለሙያውን የሚለካው በሙያው ደንብና በሳይንስ በታወቀው ነገር ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1957 የተወሰነው፣ ቦላም የተባለ ሕመምተኛ በሕክምና ተጎዳሁ ብሎ የከሰሰበት የቦላም ጉዳይም መለኪያው ኃላፊነት የሚሰማቸው የሙያው ሰዎች ተገቢ ነው ብለው የተቀበሉት አሠራር ነው ብሏል።

ለዚህ «ጥንቃቄ» ይሻላል። ግእዙ «ጠንቀቀ» ሲል ልክ መሆንን፣ አለመሳሳትንም ይጨምራል፤ «ጥንቁቅ» የተባለው ሰው ወይም ነገር ስሕተት የሌለበት ነው። አማርኛችንም ይህን አልጣለውም፤ ዕውቀቱ የተሟላውን ሰው «ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል» እንለዋለን። ትጋትና ዕውቀት በአንድ ሥር ተገናኝተዋል፤ ከባለሙያ የሚጠበቀውም ሁለቱ ናቸው።

«ሕግ ያጸደቀውን ቃል ሰዋስው አይሽረውም» የሚሉ አሉ። የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 59 ይጠቅሳሉ። በእርግጥ አንቀጹ ከትምህርቱና ከሥራው አንጻር ማወቅ ሲገባው ሳያውቅ የቀረውንም በ«ቸልተኝነት» ሥር አግብቶታል። ማስረጃው የእነሱ ነው፤ አልክድም። ዳኛውም ጋዜጠኛውም እንዲሁ ይላል፣ ቃሉም ከግሱ ርቆ ሄዷል። ጆሮዬ ግን እስከ ዛሬ አልተቀበለውም፤ ሌሊቱን ቆሞ ያደረን ሰው ቸል አለ ማለት ያልሠራውን በደል መጫን ነውና።

ክስ የሚያረቅቁ ከሆነ የሕጉን ቃል ይጻፉ፤ ሌላ መፍጠር ዳኛውን ማደናገር ነው። ከዚያ ውጭ «የሙያ ጥንቃቄ ጉድለት» ይበሉ። ስለ ሐኪሙ ሲተርኩም «ቸል ብሎ ጎዳው» ሳይሆን «መጠኑን ጠንቅቆ ባለማወቁ ጎዳው» ብለው ይጻፉ።