አንድ ዲግሪ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? የኬክሮስና ኬንትሮስ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ኬክሮስ 90 ዲግሪ ላይ ሲያበቃ ኬንትሮስ ለምን 180 ይደርሳል?

መልስ፦ ኬክሮስ ከምድር ወገብ ተነሥቶ ወደ ዋልታ ይቆጠራል፤ ያ የዙሩ ሩብ ነው፤ ከሰሜን ዋልታ ወዲያ ደግሞ ሰሜን የለም። ኬንትሮስ ለንደን ውስጥ ካለው ከግሪንዊች ወደ ምሥራቅም ወደ ምዕራብም ግማሽ ግማሽ ዙር ሄዶ 180 ላይ ይገናኛል።

ጥያቄ፦ አንድ ዲግሪ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

መልስ፦ የየትኛው? የኬክሮሱ የትም ቢለካ 111 ገደማ ነው። ምድር ዋልታዎቿ ላይ ትንሽ ጠፍጠፍ ስላለች ከ110.6 እስከ 111.7 ይለያያል፤ ለተራ ስሌት ግን ይህን እርሱት። የኬንትሮስ መስመሮች ዋልታው ላይ ስለሚገጥሙ በመካከላቸው ያለው ርቀት እየጠበበ ይሄዳል። 111.3ን በቦታው ኬክሮስ ኮሳይን አባዙት፦ ወገቡ ላይ 111.3፣ 30 ዲግሪ ላይ 96 ገደማ፣ 60 ላይ 56 ገደማ፣ ዋልታው ላይ ዜሮ። የ30 ኮሳይን 0.87 መሆን ሲገባው 0.15 ካወጣላችሁ ካልኩሌተራችሁ ዲግሪ ሳይሆን ራዲያን የተባለው ሌላ የማዕዘን መለኪያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ከወረቀት ካርታ 9 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ሰሜን የሚል ነጥብ አንብቤ ስልኬ ላይ 9.30 ብዬ ባስገባ ሌላ ቦታ ወሰደኝ።

መልስ፦ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ስተዋል። ዲግሪ የሚከፈለው ለ60 ደቂቃ ነው እንጂ ለመቶ አይደለም፤ 9.30 ማለት 9 ዲግሪ ከ18 ደቂቃ ነው። ደቂቃውን ለ60፣ ሰከንዱን ለ3,600 አካፍለው ዲግሪው ላይ ይደምሩ፤ የእርስዎ 9.5 ይሆናል። ደቡብና ምዕራብ ሲሆን ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት ይገባል፤ ከተረሳ ነጥቡ ወደ ሌላኛው ንፍቀ ክበብ ይዘላል። ቅደም ተከተሉንም ይዩ፤ አብዛኛው ካርታ ኬክሮስን ያስቀድማል፣ አንዳንድ ፕሮግራም ግን ኬንትሮስን። ከ90 የሚበልጥ ቁጥር መቼም ኬክሮስ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ግሪንዊች ያለውን መስመር ብረግጥም ጂፒኤሱ ዜሮ አይልም። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ የጂፒኤስ ዜሮ ከዚያ 102 ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ነው። በ1884 ዋሽንግተን ላይ የኬንትሮስ መነሻ እንዲሆን የተመረጠው መስመር የሚያልፍበት፣ በሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤሪ ስም የሚጠራው የግሪንዊች ቴሌስኮፕ የተስተካከለው በስፍራው ስበት፣ ማለትም ቱንቢ በሚንጠለጠልበት አቅጣጫ ነበር። ቱንቢ ደግሞ በትክክል ወደ ምድር ማዕከል አያመለክትም። ሳተላይቶቹ የሚለኩት ከማዕከሉ ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ኬክሮስ ላይ ባሉ ሁለት ቦታዎች መካከል አጭሩ መንገድ መስመሩን መከተል ነው?

መልስ፦ ወገቡ ላይ ብቻ። ሌላው የኬክሮስ መስመር ሁሉ ምድርን እኩል ለሁለት አይከፍልም፤ ስለዚህ ጠማማ መንገድ ነው። ሉል ካላችሁ በ60 ዲግሪ ሰሜን ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ነጥቦችን ምረጡና በማይለጠጥ ክር ለኩ። ዲያሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሉል ላይ አንዱ ሴንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ክሩ መስመሩን ይዞ ሲዞር 23.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይፈጃል፣ ማለትም 10,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። በዋልታው በኩል ወጥራችሁ ስታሳልፉት 15.7 ይበቃዋል፤ 6,670 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው።