«አይ 7 ነው» ሲሉህ «ስንተኛው?» በላቸው

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የሚማር አንድ ወንድማችን እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ጋሼ፣ ፒያሳ አንድ ሱቅ ለጌም የሚሆን ያገለገለ ዴስክቶፕ አየሁ። አይ 7፣ 16 ጂቢ ራም፣ ባለ 4 ጂቢ ካርድ፣ ፓወሩ 500 ዋት ነው አሉኝ። ልግዛው?»

ቆይ፣ ብሩን አታውጣ። ያሉህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ጌም ያጫውታል አያጫውትም የሚለውን አንዱም አይነግርህም።

አይ 7 የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አእምሮ፣ ስም ነው። በ2011 የወጣው 2600ም አይ 7 ይባላል። ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እይ፤ 2600 ሁለተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ነው፣ 12100 ደግሞ አስራ ሁለተኛ። አይ 3 12100 ያንን አሮጌ አይ 7 ጥሎት ይሄዳል፣ ሁለቱም ባለ 4 ኮር (ሥራውን የሚሠራው ክፍል) ሆነው ሳለ።

ሰው በብዛት የሚሸወደው ካርዱ ላይ ነው፤ የጌሙን ምስል ሠርቶ ስክሪን ላይ የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ማለቴ ነው። 4 ጂቢ የሚሉህ የካርዱን ሚሞሪ እንጂ ጉልበቱን አይደለም። ጂቲ 730 የሚባል የ2014 ካርድ አለ፣ ባለ 4 ጂቢው ገበያ ላይ ይገኛል። ጂቲኤክስ 1650ም 4 ጂቢ ነው። የመጀመሪያው 384 ኮር፣ ሁለተኛው 896። ጎተራቸው እኩል ነው፣ በሬዎቹ ግን አይገናኙም። ስለዚህ የካርዱን ሙሉ ስም በስልክህ ፎቶ አንሳና ላክልኝ።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላዩ፣ ለማሽኑ መብራት ወደሚያከፋፍለው ሳጥን። ማሽን ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። በቀደም አንድ ልጅ 500 ዋት ተብሎ የተሸጠለትን ይዞ መጣ። ፈትቼ ሳነሳው እንደ ባዶ ቆርቆሮ ቀለለኝ። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሳነብ 12 ቮልት ከሚለው ስር 18 አምፔር ይላል። አባዛው፤ 216 ዋት ነው! ካርዱና ፕሮሰሰሩ ዋናውን ጉልበት የሚስቡት ከዚሁ ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። ያ ፓወር መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለ፣ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ማዘርቦርድም ይዞት ሄደ። የእኛን አገር መብራት ታውቀዋለህ፤ ከካርዱ ቀንሰህም ቢሆን ደህና ፓወርና ስታቢላይዘር ግዛ።

በጀት መጨመር ከቻልክ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር የሆነውን ራይዘን 5 5600 ወይም የኢንቴሉን አይ 5 12400 ፈልግ። ራይዘኑ እና መጨረሻው ላይ ኤፍ ያለበት ኢንቴል ያለ ካርድ ስክሪን ላይ ምንም አያሳዩም፣ ኋላ ተበላሸ ብለህ እንዳትደነግጥ። ራሙ አንድ ባለ 16 ከሚሆን ሁለት ባለ 8 ይሻላል። ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የፋይል ማስቀመጫ) ይኑረው፣ ይሄ አያከራክርም።

ካልቻልክ ያገለገለ የቢሮ ማሽን ላይ ተጨማሪ የፓወር ገመድ የማይፈልግ ጂቲኤክስ 1650 መግጠም ይቻላል፣ 75 ዋት ነው የሚወስደው። መጀመሪያ ግን ሳጥኑ ውስጥ ቦታ መኖሩን ለካ። ቀጫጭኖቹ ሳጥኖች ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አያስገቡም፣ እኔ ራሴ ሳልለካ ገዝቼ መልሻለሁ።

ያገለገለ ካርድ ከሆነ ደግሞ እዚያው ሱቅ ጌም ከፍተህ ግማሽ ሰዓት አጫውተው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ፋን እንደ ቆላ አያቀዘቅዝም። ሙቀቱን የሚያሳይ ፕሮግራም ጎን ለጎን ክፈት፤ 90 ዲግሪ አልፎ ከሄደ ወይም ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ካየህ ተወው። «አሁን መብራት የለም፣ ቤትህ ሞክረው» ካሉህ፣ መብራት ሲመጣ እመለሳለሁ በላቸውና ውጣ።