በሐምሌ ወደ ሲሼልስ ለሚሄዱት እህት፦ ከወኪሉ በፊት ስለ ነፋሱ ይጠይቁ

እህቴ፣ የጋብቻችሁን አሥረኛ ዓመት ሲሼልስ ውስጥ ባሕር ዳር ባለ ቪላ ለማክበር እንዳሰባችሁ፣ ልጆቹ ከትምህርት በሚያርፉበት በሐምሌ እንደምትሄዱ ገልጸው፣ ከድሬዳዋ ሆኖ በየትኛው ወኪል በኩል መያዝ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔና ባለቤቴ በዚያው ወር፣ በዚያው ሐሳብ ሄደን ስለ ተቃጠልን ከወኪሉ ስም የሚበልጥ ነገር ልንገርዎ።

አንደኛ፦ ሲሼልስ ከኢትዮጵያ ዜጋ ቪዛ አትጠይቅም፤ ከመሳፈር በፊት በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ግን ግዴታ ነው። የመመለሻ ቲኬት፣ የማረፊያ ማረጋገጫ እና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይያዙ፤ ክትባቱን ካልወሰዱ ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን አስቀድመው ይውሰዱ። ይህ ሁሉ ቀላል ነው፤ ያንገላታኝ ባንኩ ነው። የውጭ ምንዛሪ መስኮት ላይ የተቀመጠችው ልጅ «ቪዛውን ሳላይ ዶላር አልሰጥም» አለችኝ። አገሩ ቪዛ አይጠይቅም ብላት፣ ዐይኗን ከስልኳ ሳታነሣ «ቪዛ የማይጠይቅ አገር ካለ እኔ አላውቀውም» ብላ ቀጣዩን ሰው ጠራች። ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ላይ ሃያ ዓመት ስነግድ እንዲህ ያናገረኝ ሰው የለም። ሦስት ቀን ተመላልሼ፣ የአገሩን የኢሚግሬሽን መግለጫ አሳትሜ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥኩ በኋላ ነው የተፈረመልኝ። እርስዎ ወረቀቱን ከመጀመሪያው ቀን ይዘው ይሂዱ።

ሁለተኛ፦ ነፋሱ። ወኪላችን ያሳየን ፎቶ ነጭ አሸዋ፣ ያዘነበለ የኮኮናት ዛፍና እንደ መስተዋት የጠራ ውኃ ነበር። ቪላው ፕራስሊን ደሴት፣ ግራንድ አንስ ላይ ነው። ሙሉውን ክፍያ፣ ያውም ተመላሽ በማይሆን ውል፣ ለ«ግል የባሕር ዳርቻ» የተጨመረውን ሒሳብ ጭምር ከፈልን። በመጀመሪያው ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ አሸዋው አይታይም፤ ቡናማ የባሕር አረም እስከ ጉልበት ተከምሮ ሁለት ሰዎች በመንሽ እየሰበሰቡ ይጭናሉ፣ ሽታውም መኝታ ቤት ድረስ ይገባል። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየና «አሸዋ አሸዋ ብለሽ ነው እዚህ ያመጣሽኝ፤ የድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ምን አነሰን?» አለኝ። ያን ቀን አልሳቅሁም።

ነገሩን ያስረዳችን ቪላውን የምትጠብቀው ሴትዮ ናት። ከግንቦት እስከ መስከረም ገደማ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ስለሚነፍስ ባሕሩ ይናወጣል፤ ግራንድ አንስ ባለበት ወገን አረሙን ወደ ዳር ይተፋዋል። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለው ኮት ዶር ግን በዚያው ሰሞን የተረጋጋ ነው። ስለዚህ ደጃችን ላይ ይሆናል ብለን የከፈልንበትን ባሕር ፍለጋ በየቀኑ በአውቶቡስ ደሴቲቱን ስናቋርጥ ሰነበትን። ሲሼልስ ውስጥ የባሕር ዳርቻ ሁሉ የሕዝብ መሆኑን፣ የግል የሚባል እንደሌለ የሰማሁትም እዚያው አውቶቡስ ላይ ነው። ወኪሉን ደውዬ ስጠይቀው «ነፋሱን እኔ አላመጣሁት» ብሎ ዘጋብኝ፤ የተጨማሪውን ሒሳብ ነገር እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።

ሦስተኛ ብዬ ልጽፍ ያሰብኩት ስለ ምግብ ነበር፤ ቪላው ወጥ ቤት ስላለው ዓሣ ከአጥማጆቹ ገዝቼ ራሴ እየሠራሁ፣ ሬስቶራንት የገባነው አንድ ቀን ብቻ ነው ማለት ይበቃል። ከፕራስሊን በጀልባ ሩብ ሰዓት ያህል የምትርቀውን ላ ዲግን ግን አይለፏት። ሰው በብስክሌት የሚዘዋወርባት ትንሽ ደሴት ናት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ብስክሌት ያልነካሁት እኔ እንኳ ከባለቤቴ ቀድሜ ደርሻለሁ። ፕራስሊን ላይ ያለውን፣ ዩኔስኮ በ1983 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የመዘገበውን የቫሌ ደ ሜ ጫካም ይዩት፤ በዓለም ትልቁን ዘር የሚያፈራው ዘንባባ የሚበቅለው እዚያ ነው።

የልጆቹ ትምህርት ባያስገድዳችሁ ኖሮ ነፋሱ በሚረግብበት በሚያዝያ ወይም በጥቅምት ሂዱ እል ነበር። ሐምሌ የግድ ከሆነ ቪላው ኮት ዶር በኩል ይሁን፤ ወኪሉንም ፎቶ ሳይሆን ባለፈው ሐምሌ ከቪላው በረንዳ የተነሣ ቪዲዮ ይጠይቁት፤ እስኪልክልዎ ድረስ ቀብድ አይክፈሉ።