የጠቆረው ቦታ ለምን ተመልሶ በራ?

ልጆቼ፣

ኢ-ካድሄሪን ጎረቤታም ህዋሶችን አያይዞ የሚያቆም ፕሮቲን ነው። እንቅስቃሴውን ለማየት ጂኤፍፒ የሚባለውን አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ትቀጥሉበታላችሁ፤ ከዚያ ሁለት ህዋሶች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ትንሽ ክብ መርጣችሁ በ488 ናኖሜትር ሌዘር ብርሃኑን ታጠፋላችሁ። ያልተነካ ፕሮቲን ከዙሪያው ሲገባ ቦታው ቀስ በቀስ ይበራል። ፍራፕ የሚባለው ይኸው ነው። አደራዬ አንድ ናት፤ ብርሃኑ ስለተመለሰ ብቻ ፕሮቲኑ ተንቀሳቅሷል አትበሉ።

ህዋሱን ታቹ 0.17 ሚሊሜትር መስታወት በሆነ ሳህን ላይ አሳድጉት፤ ተጠጋግቶ እስኪሞላም ታገሡ። ህዋሱ የሚኖርበት ፈሳሽ ፌኖል ሬድ የሚባለው ቀለም አይኑረው፣ ካልሲየም ግን አይጉደለው፤ 1.8 ሚሊሞላር ያህል ይበቃል። ካልሲየም ካነሰ ካድሄሪን ይላቀቃል፣ የምትለኩትም ሌላ ነገር ይሆናል። ማይክሮስኮፑ 37 ዲግሪ ላይ በደንብ ሳይሞቅ አትጀምሩ። ብረቱ ገና እየሞቀ ሲለጠጥ ፎከሱ ይንሸራተታል፤ ያ መንሸራተት ግራፉ ላይ የፕሮቲን እንቅስቃሴ መስሎ ይወጣል። እጅግ የሚያበራውን ህዋስም ተዉት፤ ፕሮቲኑ ከልክ በላይ ተመርቶበታል።

ከማጥፋታችሁ በፊት 5 ምስል አንሱ። ምስል ማንሳቱ ራሱ ብርሃን ስለሚበላ፣ ያልተነካ ህዋስ እዚያው ምስል ውስጥ ለክታችሁ ውጤታችሁን በእሱ አካፍሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጂኤፍፒ አንዳንዴ ለጊዜው ብቻ ይጨልምና ማንም ሳይተካው ራሱ ይበራል። ይህን የምትለዩት ፕሮቲኑ ባለበት እንዲቀር በተደረገ የሞተ ህዋስ ላይ ያንኑ ሥራ ስትደግሙ ነው። ህዋስን እንዳለ ለማስቀረት የሚጨመረው ኬሚካል፣ ፓራፎርማልዴሃይድ፣ ብቻውን አንዳንድ የህዋስ ሽፋን ፕሮቲኖችን አያስቆምም፤ 0.2 በመቶ ግሉታራልዴሃይድ ጨምሩበት። እዚያም ብርሃን ከተመለሰ ያን ያህሉ የእንቅስቃሴ አይደለም።

ቀጥሎ የክቡን ሬዲየስ ከ1 ወደ 2 ማይክሮሜትር አስፉት። ፕሮቲኑ በሽፋኑ ላይ እየተንሳፈፈ የሚገባ ከሆነ ግማሹ ብርሃን የሚመለስበት ጊዜ አራት እጥፍ ይረዝማል። ጊዜው ካልተለወጠ ግን ፍጥነቱን የሚወስነው የፕሮቲኑ መያያዝና መላቀቅ ወይም ከህዋሱ ውስጥ መምጣቱ ነው፤ ያኔ የሥርጭት ቀመር ይዛችሁ አትድከሙ።

መጨረሻ ላይ ያልተመለሰውን ብርሃን አይታችሁ «ይህን ያህሉ አይንቀሳቀስም» ከማለታችሁ በፊት የግራፉን ጫፍ ተመልከቱ። ገና ሽቅብ እያለ ካቆማችሁት፣ ዘግይቶ የሚመጣውን ፕሮቲን ተተክሎ የቀረ አስመስላችሁታል። 5 ደቂቃ ያሰባችሁትን 15 ደቂቃ ቅረጹት።