ሶሎ በረራ ላይ ያለ ሰልጣኝ ለምን ይወድቃል? ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ፣ አንድ ሰልጣኝ ብቻውን ሲበር ወድቆ የሞተበት ቪዲዮ ከተሰራጨ ወዲህ ሰፈርም ውስጥ (አራብሳ ነኝ) ኢንቦክስም ላይ ጥያቄ በዝቶብኛል። የትንንሽ አውሮፕላን ኢንስትራክተር ስለነበርኩ የማውቀውን እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሳይበቃ ነው እንዴ ብቻውን የሚለቁት?

መልስ፦ ኧረ አይደለም። መነሳትና ማረፍ ደጋግሞ ሰርቶ፣ ሞተር ቢጠፋ ምን እንደሚያደርግ ተለማምዶ ነው የሚለቀቀው፣ ንፋስ ከበዛም ይቀራል። ግን ኢንስትራክተሩ ሲወርድ አውሮፕላኑ በአንድ ሰው ክብደት ይቀላል፣ ቶሎ ይነሳል፣ ሲያርፍ ደግሞ አልወርድም ብሎ ይንሳፈፋል፣ የልጁ እጅ የለመደው ይሄን አልነበረም።

ጥያቄ፦ ሞተሩ እየሰራ እንዴት ይወድቃል?

መልስ፦ አንዱ የተለመደው አጋጣሚ ለማረፍ ወደ ራንዌዩ የመጨረሻውን መታጠፊያ ሲዞር ነው። መስመሩን አሳለፈው እንበል፣ ለመመለስ አጥብቆ ያዘነብላል፣ አፍንጫው ሲወርድበት መሪውን ወደራሱ ይስባል፣ በእግሩ ደግሞ አፍንጫውን ወደ ጎን የሚያዞረውን ፔዳል ይረግጣል። ክንፉ አየሩን የሚገጥምበት አንግል ሲበዛ አየሩ ክንፉን ይለቀዋል፣ ክንፉም አውሮፕላኑን መሸከም ያቅተዋል፣ ስቶል የሚሉት እሱ ነው፣ ሞተሩ እኮ ያኔም እያጓራ ነው። ቀጥ ብሎ ሲሄድ 50 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) ላይ ስቶል የሚያደርግ አውሮፕላን ከፍታውን ሳይለቅ 45 ዲግሪ አዘንብሎ ሲዞር 60 ገደማ ላይ፣ 60 ዲግሪ ካዘነበለ ደግሞ 70 ላይ ያደርጋል። አንዱ ክንፍ ቀድሞ ከተለቀቀ መሽከርከር ይመጣል። ላይ ቢሆን መውጫ ዘዴ አለው፣ እዛ ዝቅታ ላይ ግን ጊዜ የለም።

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ ነኝ፣ የኛ ሀገር ከፍታ አያከብደውም?

መልስ፦ በጣም እንጂ ወንድሜ! የቦሌ ራንዌይ ራሱ 7,600 ጫማ ገደማ ነው፣ እናንተ ጋ ከዛም ይበልጣል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ አውሮፕላኑ 10,000 ጫማ ካለፈ ቦታ የተነሳ ነው የሚመስለው፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ደግሞ ሲሶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። ሰው የማያስተውለው ግን ፍጥነቱን ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ የፍጥነት ጌጁ የሚያሳየው ያው ሆኖ አውሮፕላኑ ከመሬት አንፃር በፍጥነት ያልፋል፣ ልጁ በመስኮት ቆርቆሮ ጣራው ሲሮጥ ያይና ፈጠንኩ ብሎ ይቀንሳል። ዓይኑ ጌጁ ላይ መሆን ነበረበት!

ጥያቄ፦ ወፍስ?

መልስ፦ ይቻላል። 1988 እ.ኤ.አ. ባህር ዳር ላይ ቦይንግ 737ን የጣሉት እርግቦች ናቸው፣ 35 ሰው ሞቷል።

ጥያቄ፦ ብላክ ቦክሱ አይናገርም?

መልስ፦ ትንንሾቹ አብዛኞቹ የላቸውም። መርማሪ መጀመሪያ ፕሮፔለሩን ነው የሚያየው፣ ተጠማዞ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ጉልበት እንደነበረው ምልክት ነው። ስለዚህ በማግስቱ "ልጁ አጥፍቶ ነው" የሚሉትን አትስሙ፣ የምርመራው ዓላማ በዓለም አቀፉ ደንብ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም። ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ እንኳን፣ አደጋው መጋቢት 2011፣ የመጨረሻው ሪፖርት የወጣው 2015 ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ፓይለት ካልሆንኩ ብሎ እንቅልፍ ነስቶኛል፣ ልከልክለው?

መልስ፦ አይከልክሉት እናቴ። ትምህርት ቤቱ ድረስ ይሂዱና ንፋስ ሲነሳ በረራውን ማን እንደሚሰርዝ፣ ስቶል ስንት ጊዜ እንደሚያለማምዱ ይጠይቁ፣ የጥገናውንም መዝገብ አሳዩኝ ይበሉ። ካኮረፉብዎት ሌላ ቤት ይፈልጉ።