የኩኪስ ሊጥ ሲጣበቅ፣ ሲፈረፈርና ቅርጹን ሲያጣ

እህቴ፣ ሊጡ መዳመጫው ላይ እየተጣበቀ፣ ዱቄት ስትጨምሪበት ደግሞ እየተፈረፈረ፣ ኮከብ አድርገሽ የቆረጥሽውም ኦቭን ውስጥ ክብ እየሆነ እንዳስቸገረሽ ጽፈሻል። ብዙ ጊዜ የሦስቱም መነሻ የቅቤው ሙቀት ነው። የተጣበቀ ሊጥ ላይ ዱቄት መነስነስ ደግሞ ሌላ ችግር ይወልዳል።

መጠኑን ከራስሽ ጋር አስተያዪው፦ 225 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 180 ግራም ስኳር፣ 1 እንቁላል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 375 ግራም የፉርኖ ዱቄት። ቤኪንግ ፓውደር አያስፈልገውም፤ ሊጡን ስለሚነፋው የቅርጹ ጠርዝ ይጠፋል። ዱቄቱን በሚዛን ለኪ። በማንኪያ እየተጨመረ የተሞላ የመለኪያ ኩባያ 125 ግራም ገደማ ሲይዝ፣ ዱቄቱ ውስጥ ተነክሮ የወጣው ግን እስከ 150 ሊደርስ ይችላል። በሦስት ኩባያ 75 ግራም ትርፍ ማለት ነው፤ ሊጡን ለማፈርፈር ይበቃል።

ቅቤውን በጣት ስትጫኚው መሰርጎድ አለበት እንጂ ማብለጭለጭ የለበትም። ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥሩ ነው። ከስኳሩ ጋር ለኬክ እንደሚመታው እስኪነጣ አትምቺው፤ አንድ ሁለት ደቂቃ፣ እስኪዋሃድ ብቻ። አየር የበዛበት ሊጥ ኦቭን ውስጥ ተነፍቶ መልሶ ይተኛል፣ ወደ ጎንም ይሰፋል።

ሊጡን አድበልብለሽ ፍሪጅ አታስገቢ። ውጭው ሲደድር መሃሉ ለስላሳ ይቀራል፣ ስትዳምጪውም ይሰነጠቃል። ገና ለስላሳ ሳለ በሁለት መጋገሪያ ወረቀት መሃል አድርገሽ በ5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ዳምጪው፤ ከዚያ እንደተዘረጋ ለ1 ሰዓት ይቀዝቅዝ። እንዲህ ከተሠራ ለመዳመጥ ዱቄት ጨርሶ አያስፈልግም። ስትቆርጪው ጠርዙ ከተሰነጠቀ 5 ደቂቃ ውጭ ይቆይ።

የተፈረፈረውን አትጣይው። በጡጫሽ ጨብጠሽ ስትለቂው ከተያያዘ የእጅሽ ሙቀት ይበቃዋል፣ ትንሽ እሺው። ከተበተነ 1 የሻይ ማንኪያ ወተት ጨምረሽ እሺና እየው፤ ካልያዘ ሌላ አንድ። በአንዴ ከጨመርሽ ግን ወደ መጣበቁ ትመለሻለሽ።

ቅርጽ ማውጫውን ሳታሽከረክሪ ቀጥ አድርገሽ ተጫኚ፤ ቅርጹን ከማንሳት ይልቅ በዙሪያው ያለውን ትርፍ ሊጥ አንሺ። ትርፉን ደራርበሽ ተጫኚው እንጂ እንደ ዳቦ ሊጥ አትሺው፣ ይጠነክራል። የተቆረጠው ከነወረቀቱ ሌላ 15 ደቂቃ ፍሪጅ ይግባ።

ኦቭኑን አስቀድመሽ 180 ዲግሪ አድርሺው። ቀዝቀዝ ካለ ጠርዙ ሳይጸና ቅቤው ይቀልጣል፤ ካለፈው ዙር የጋለ ትሪ ላይ ማድረግም ያው ነው። ከ8 እስከ 11 ደቂቃ ይበቃዋል። መሃሉ ገና ነጭ ሆኖ ጠርዙ በትንሹ ወርቅማ ሲሆን አውጪውና ትሪው ላይ 5 ደቂቃ ይቆይ፤ ትኩሱን ብታነሺው ይሰበራል።

ሁሉንም ከማስገባትሽ በፊት አንድ ሁለቱን ብቻ ጋግሪ። ከሰፉ የቀረውን ፍሪዘር ውስጥ 15 ደቂቃ አቆይተሽ ድገሚ። እንደዚያም ሆኖ ከሰፋ፣ ዱቄት የሚጨመረው ያኔ ነው፦ ለቀረው ሊጥ 1 የሾርባ ማንኪያ።