ኤችዲአር ሲበራ ጌሙ ለምን ይደበዝዛል? ጥያቄና መልስ

ኤችዲአር፣ ማለትም ከተራው ምስል ይልቅ ደማቁንም ጨለማውንም በሰፊው የሚያሳየው የምስል ዓይነት፣ በኮምፒውተር ጌም ላይ የሚያስቸግረው ብዙውን ጊዜ ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም። ብርሃኑን የመመጠን ሥራ ለሞኒተሩ፣ ለዊንዶውስና ለጌሙ ሦስቱም ስለሚደርሳቸው፣ አንዱ ያስተካከለውን ሌላው እንደገና ስለሚነካው ነው። ከታች የምመልሰውም አብዛኛው ይህንን መደራረብ ለማስቀረት ነው።

ጥያቄ፦ በዊንዶውስ ኤችዲአርን ሳበራ ዴስክቶፑ ሳይቀር ግራጫ ይለብሳል። ሞኒተሬ ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም። ኤችዲአር ሲበራ ኤችዲአር ያልሆኑትን የተራ ምስሎች (ኤስዲአር) ብርሃን የሚወስነው በዊንዶውስ የኤችዲአር ገጽ ላይ ያለው የኤስዲአር ይዘት ማንሸራተቻ ነው። ከ80 እስከ 480 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ይደርሳል፤ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ሁሉም ነገር የደከመ ይመስላል። ቀስ እያሉ ከፍ ያድርጉት።

ከዚያም በኋላ ጨለማው ላይ ትንሽ ጭጋግ ከቀረ፣ ምክንያቱ ዊንዶውስ ለተራ ምስሎች የሚጠቀምበት የብርሃን ቀመር አብዛኞቹ ሞኒተሮች ከሚከተሉት፣ ጋማ 2.2 ከተባለው ቀመር ስለሚለይ ነው። ጥቁር አካባቢ ያሉት ጥላዎች ከለመዱት ይልቅ ይነጣሉ። ማንሸራተቻው ይህንን አያጠፋውም። ስለዚህ የምመክረው ኤችዲአርን ለጌም ብቻ ማብራት ነው፤ የዊንዶውስ፣ የኦልት እና የቢ ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ይበራል፣ ይጠፋል።

ጥቁሩ ግልጽ ግራጫ ከሆነ ግን የግራፊክስ ካርዱን የቀለም ክልል ይመልከቱ። ካርዱ ከ16 እስከ 235 ያለውን እየላከ ሞኒተሩ ከ0 እስከ 255 ከጠበቀ፣ እውነተኛ ጥቁር ፈጽሞ አይደርሰውም። ሁለቱም ሙሉ ክልል ላይ ይሁኑ።

ጥያቄ፦ ጌሙ ውስጥ የኤችዲአር አማራጩ አይነካም።

ብዙ ጌሞች ሳይከፈቱ በፊት ዊንዶውስ ላይ ኤችዲአር እንዲበራ ይፈልጋሉ። መጀመሪያ ያብሩት፣ ከዚያ ጌሙን ይክፈቱ። ሁለት ሞኒተር ካለዎት ኤችዲአር ያለውን ዋና ያድርጉት። ዊንዶውስ ራሱ አማራጩን ካላሳየ ደግሞ የሞኒተሩን የራሱን ምናሌ ይፈትሹ። ቴሌቪዥን ላይ ለየኤችዲኤምአይ መግቢያው ለብቻ የሚከፈት የተሻሻለ ምልክት የሚል ምርጫ አለ፤ ሳይከፈት የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ጌሙ ከፍተኛ ብርሃን፣ ፔፐር ኋይት እና ጥቁር ደረጃ የሚሉ ሦስት ማንሸራተቻዎች ያሳያል። ስንት ላይ ላድርጋቸው?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ኤችዲአር10 (ጌሞች በብዛት የሚጠቀሙበት የኤችዲአር ዓይነት) የሚሠራበት ፒኪው የሚባለው ቀመር እያንዳንዱን እሴት ከተወሰነ ኒት ጋር ያስራል፤ ጣሪያው 10,000 ኒት ነው። ስለዚህ ከፍተኛ ብርሃን የሚለው ምርጫ የሞኒተርዎ እውነተኛ አቅም መሆን አለበት። 600 ኒት ለሚያበራ ሞኒተር 4,000 ብለው ከነገሩት፣ ጌሙ ከ600 በላይ የሚልከው የደመና ጠርዝና የእሳት ነበልባል ዝርዝር ወይ ወደ አንድ ነጭ ይቀላቀላል፣ ወይ ሞኒተሩ በራሱ ስሌት ይጨምቀዋል።

አቅሙን ለማወቅ ለዊንዶውስ 11 በነጻ የሚገኘውን ዊንዶውስ ኤችዲአር ካሊብሬሽን የተባለ መተግበሪያ ይጠቀሙ። ምልክቱ ከዳራው ጋር ተዋህዶ እስኪጠፋ ድረስ ያንሸራትቱ፤ ያገኙትን ቁጥር ጌሙ ውስጥ ይድገሙት። ይህንን ከማድረግዎ በፊት ቴሌቪዥኑ ብርሃን የመመጠኑን ሥራ ለጌሙ የሚተወው ኤችጂአይጂ የሚል ምርጫ ካለው ያብሩት፤ ብርሃኑን በየትዕይንቱ በራሳቸው የሚቀያይሩትን ተለዋዋጭ ቶን ማፒንግና ተለዋዋጭ ንፅፅር የሚባሉትን ያጥፉ። ካልጠፉ የሚለኩት የስክሪኑን አቅም ሳይሆን የማሳመሪያውን ውጤት ነው።

ፔፐር ኋይት የተራ ነጭ ነገርን፣ ለምሳሌ የግድግዳን ወይም የምናሌ ጽሑፍን ብርሃን ይወስናል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለማጣቀሻ ነጭ ያስቀመጠው 203 ኒት ነው፤ ከዚያ ይነሱ፣ ክፍሉ ጨለማ ከሆነ ዝቅ ያድርጉት። ደመቅ እንዲል ብለው በ600 ኒት ሞኒተር ላይ ወደ 400 የሚያወጡት አሉ። ያን ጊዜ ፀሐይ ከነጭ ግድግዳ የምትበልጠው በአንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ ኤችዲአር የተፈለገበት ልዩነት ጠፋ ማለት ነው። በ203 ግን ሦስት እጥፍ ያህል ይቀራል።

ጥቁር ደረጃን ጌሙ ባስቀመጠበት ይተዉት፤ የሚነካው በጨለማ ክፍሎች ውስጥ ዝርዝር ከጠፋ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ሞኒተር ዲስፕሌይኤችዲአር 400 ይላል። ይጠቅማል?

ብዙም አይጠቅምም። ቬሳ የተባለው የስክሪን ደረጃ አውጪ ድርጅት ያወጣው ይህ የ400 ደረጃ የጀርባ መብራቱ በየቦታው ለብቻው እንዲደበዝዝ አያስገድድም፤ ስለዚህ አንድ ሻማ ሲበራ ጨለማው ሁሉ አብሮ ይነጣል። እኔ ብሆን ኤችዲአርን አጥፍቼ እጫወት ነበር። የጀርባ መብራት ለሌለው ለኦሌድ ስክሪን የሚሰጠው ትሩ ብላክ 400 ግን ከዚህ ጋር አይምታታ፤ እዚያ እያንዳንዱ ፒክስል ራሱን ያጠፋል።

ጥያቄ፦ ኦሌድ ሞኒተሬ በረዷማ ሜዳ ላይ ስደርስ በድንገት ይደበዝዛል።

ኦሌድ ከፍተኛ ብርሃኑን የሚሰጠው ለትንሽ ቦታ ነው፤ ስክሪኑ በሙሉ ነጭ ሲሆን ኃይልና ሙቀት ለመቆጠብ ይቀንሳል። ብዙዎቹ ሁለት የኤችዲአር ምርጫ አላቸው፤ አንዱ ወደ 400 ኒት ገደማ ረጋ ያለ፣ ሌላው በትንሽ ቦታ ወደ 1,000 የሚወጣ። መዋዠቁ ካስጨነቀዎት የመጀመሪያውን ይምረጡ። ምርጫውን በቀየሩ ቁጥር ግን ካሊብሬሽኑን ይድገሙት፤ የድሮው ቁጥር አይሠራም።

ጥያቄ፦ አውቶ ኤችዲአር ከጌሙ ኤችዲአር ጋር ይጋጫል?

አይጋጭም። አውቶ ኤችዲአር ተራውን ጌም ወደ ኤችዲአር የሚቀይር የዊንዶውስ ምርጫ ነው፤ የራሱ ኤችዲአር በበራበት ጌም ላይ አይገባም። የሚሠራው ኤችዲአር ለሌላቸው፣ በዊንዶውስ የግራፊክስ ሥርዓት በዳይሬክትኤክስ 11 እና 12 ለተሠሩ ጌሞች ነው።

ጥያቄ፦ ስክሪንሾት ሳነሳ ምስሉ የነጣ ይወጣል፤ ቅንብሬ ስህተት ነው?

ላይሆን ይችላል። የኤችዲአር ምስል ወደ ተራ ፋይል ሲቀየር ደማቁ ክፍል ይቆረጣል። በኤክስቦክስ ጌም ባር ያንሱት፤ ጄኤክስአር በሚባል ፋይል ኤችዲአሩን እንዳለ ያስቀምጥልዎታል፤ ኤችዲአር በሚያሳይ ፕሮግራም ከፍተው ያነጻጽሩት።